እጅ የለመደውን ልብ ይወዳል፦ የፋኒ ፋርመር ሕይወት



በአገራችን ጥሩ ወጥ የሠራች ሴት ስትመሰገን እጇ ይጣፍጣል ይባላል። ወጡን ያጣፈጠው በርበሬው ወይም ቅቤው ሳይሆን እጇ ነው ማለት ነው። ምስጋናው ደስ ይላል፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ ክፉ ሐሳብ ተደብቋል። እጅ ሰው ይዞት የሚወለደው ነገር ነው። እንግዲያው እጇ የማይጣፍጥ ልጅ ምን ታድርግ? አንድ ቀን ሽሮዋ ከጓጎለ፣ ሌላ ቀን እንጀራዋ ዓይን ካላወጣ፣ ሙያ የላትም ተብሎ ስሟ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ማድ ቤት መግባት ለፈተና እንደመቀመጥ ይሆንባታል። የሚፈተኑበትን ቦታ ደግሞ ማንም አይወድም።

ታዲያ ሰው ምግብ ማብሰልን የሚወደው እንዴት ነው? ከእናቱ ማኅፀን ይዞት ይወጣል? ወይስ በሆነ መንገድ ላይ ያገኘዋል? ለዚህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ያረፈች የአንዲት አሜሪካዊት ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። ስሟ ፋኒ ሜሪት ፋርመር ነው። በአሜሪካ ለብዙ ትውልድ አዲስ ሙሽራ ጎጆ ስትወጣ ከሚሰጧት ስጦታዎች አንዱ የፋኒ መጽሐፍ ነበር። ይህች ሴት ግን ወደ ማድ ቤት የገባችው ሌላው በር ሁሉ ከተዘጋባት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለትምህርት የታሰበች ልጅ

ፋኒ ማርች 23 ቀን 1857 በማሳቹሴትስ ግዛት በቦስተን ከተማ ተወለደች። አባቷ በኅትመት ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። እሷ የበኩር ልጅ ስትሆን፣ አብረዋት ያደጉት ታናናሾቿም ሁሉ ሴቶች ነበሩ። ቤተሰቡ በኋላ ከቦስተን ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወደ ሜድፎርድ ተዛወረ፤ ፋኒም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን እዚያ ተማረች።

ቤቱ ባለጸጋ አልነበረም፤ ለትምህርት ግን ትልቅ ቦታ ይሰጥ ነበር። ሴት ልጅ ኮሌጅ ገባች ሲባል ገና ሰው በሚገረምበት በዚያ ዘመን፣ ወላጆቿ ይህችን ልጅ ኮሌጅ ለማስገባት አስበው ነበር። የበኩር ልጅ ተምራ ራሷን ከቻለች ለታናናሾቿም መንገድ ትከፍታለች። ይህን የእኛም ቤት ያውቀዋል።

በ16 ዓመቷ ግን ፋኒ በድንገት ታመመች። ሰውነቷ ሽባ ሆነ። ሐኪሞች ስትሮክ ነው አሉ፤ በኋላ ታሪኳን የጻፉ ሰዎች ልምሻ ሊሆን ይችላል ብለው ገምተዋል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት መራመድ አልቻለችም። ወላጆቿ እያነሱ እያስቀመጡ፣ እያጎረሱ አስታመሟት። ቀስ በቀስ ተነሥታ መሄድ ጀመረች፤ ማነከሱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ አልተዋትም። ትምህርቷ ተቋረጠ፤ ኮሌጅ የመግባቱ ሐሳብም በዚያው ቀረ።

በዚያ ዘመን ላላገባች፣ እግሯ ለሚያነክስ፣ ትምህርቷን ላልጨረሰች ወጣት የነበረውን የሥራ ዕድል አስቡት። ለአስተማሪነት ትምህርት ያስፈልጋል። ለፋብሪካና ለሱቅ ቀኑን ሙሉ የሚቆም እግር ያስፈልጋል። የቀራት ቤት ነበር።

የጓዳው በር

ፋኒ ትንሽ ሲሻላት እናቷን በማድ ቤት ማገዝ ጀመረች። የእናቷ ቤት እየከፈሉ የሚያድሩና የሚመገቡ ሰዎችን ተቀበለ፤ ቤቱም በምግቡ ጥሩነት ስም አተረፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው። ይህች ልጅ ዓመታት ሙሉ ሌላ ሰው ያመጣላትን የምትበላ፣ የሌላውን እጅ የምትጠብቅ ነበረች። አሁን ግን ሌሎች ሰዎች በምሳ ሰዓት ተሰብስበው የእሷን እጅ ይጠብቃሉ። ትናንት የቤቱ ሸክም ነኝ ብላ ልታስብ ትችል የነበረች ልጅ ዛሬ ቤቱን ከሚያቆሙት አንዷ ሆናለች። የማብሰል ፍቅር የሚጀምርበት አንዱ ቦታ ይህ ይመስለኛል። ሰው የሠራነውን በልቶ ሰሐኑን ባዶ ሲመልስ፣ አንቺ ታስፈልጊናለሽ ያለን ያህል ነው። ይህ ምስጋና የሚመጣው በቃል ሳይሆን በባዶ ሰሐን ስለሆነ ልብን ቶሎ ይነካል።

ወደ 30 ዓመት ዕድሜዋ ስትጠጋ ፋኒ ወይዘሮ ሻው በተባሉ እመቤት ቤት በረዳትነት ተቀጠረች። በእኛ አነጋገር ሰው ቤት ገባች። ከመካከላችን በሰው ቤት ሠርተው ራሳቸውን የቻሉ፣ ልጆች ያሳደጉ እህቶች ስላሉ ይህን ክፍል ሲያነቡ ከእኔ ይልቅ ይገባቸዋል። የሰው ማድ ቤት ከእናት ማድ ቤት ይለያል። በእናት ቤት የተሳሳተ ወጥ ይሳቅበታል፤ በሰው ቤት የተሳሳተ ወጥ ከደመወዝ ጋር ይያያዛል።

ከዚያ ቤት የወጣ አንድ ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። ፋኒ ለቤቱ ትንሽ ልጅ ምግብ አሠራር ስታሳያት፣ ልጅቷ በጥያቄ መውጫ አሳጣቻት ይባላል። እንቁላል የሚያህል ቅቤ ሲባል የትልቅ ዶሮ ነው ወይስ የቄብ? ቁንጥር ጨው ሲባል በማን ጣት? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ማድ ቤት ሁሉ ጥያቄ ነበር። ለአዋቂዋ ግልጽ የሆነው ለጀማሪዋ ጨለማ ነው፤ ጀማሪዋ ስትጠይቅ ደግሞ እንደ ሰነፍ ትታያለች።

ወይዘሮ ሻው የፋኒን ዝንባሌ አይተው ዝም አላሉም። ጥሩ ረዳት አገኘሁ ብለው በዚያው ሊያስቀሯት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ቦስተን ውስጥ ወዳለው የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት እንድትገባ መከሯት። አንዲት ሴት ለሌላዋ ሴት የምታደርገው ትልቁ ውለታ አንዳንዴ ይህን ያህል ነው፤ ለእኔ ትጠቅመኛለች ከማለት አልፎ ለራሷ ምን ይጠቅማታል ብሎ ማሰብ።

ሴቶች የመሠረቱት ትምህርት ቤት

ይህን ትምህርት ቤት የመሠረተው የሴቶች ማኅበር ነው። በ1879 የቦስተን የሴቶች ትምህርት ማኅበር አባላት ተሰብስበው የከፈቱት ሲሆን፣ ዓላማው ሁለት ነበር። አንደኛው በምግብ አብሳይነት ተቀጥረው እንጀራቸውን ለሚያገኙ ሴቶች ሙያ መስጠት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለገዛ ቤተሰባቸው በዕውቀት ማብሰል የሚፈልጉትን ማስተማር ነው። እንደ እኛ ማኅበር ያሉ ሴቶች በመዋጮና በጉልበት ያቆሙት ቤት እንደነበር ሳስብ ልቤ ይሞላል።

ትምህርቱ በምጣድና በድስት ብቻ አያበቃም ነበር። ምግብ ከምን ከምን እንደተሠራ፣ በእሳት ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን፣ ለታመመ ምን እንደሚስማማ፣ ማድ ቤት በንጽሕና እንዴት እንደሚያዝ፣ የቤት ወጪ እንዴት እንደሚተዳደር ያስተምሩ ነበር።

ፋኒ በ1887 ስትመዘገብ 30 ዓመቷ ነበር። ከእሷ በዕድሜ ከሚያንሱ ጋር እያነከሰች ክፍል ገባች። በ1889 ትምህርቷን ስትጨርስ ትምህርት ቤቱ አልለቀቃትም፤ የኃላፊዋ ምክትል ሆና እንድትቀር ተጠየቀች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ኃላፊነቱ ለራሷ ተሰጠ። በ16 ዓመቷ የትምህርት በር የተዘጋባት ልጅ የትምህርት ቤት የበላይ ሆነች።

ለማብሰል ፍቅር ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ይኸውም ለምን ብሎ ጠይቆ መልስ ማግኘት ነው። ሊጥ ለምን ይነፋል? እንቁላል እሳት ሲነካው ለምን ይጠጥራል? ፋኒ በኮሌጅ ልትማረው የነበረውን ዓይነት ዕውቀት በድስት ውስጥ አገኘችው።

የእኛም ጓዳ በዚህ ዓይነት ዕውቀት የተሞላ ነው። አብሲት የምንጥለው እናቶቻችን ስለጣሉ ብቻ አይደለም። ከቦካው ሊጥ ቀንሰን በውሃ አፍልተን ስናበስለው ዱቄቱ ውሃ ይዞ ይወፍራል፤ ቀዝቅዞ ወደ ሊጡ ሲመለስ ደግሞ እርሾው አዲስ ምግብ ያገኝና ሊጡ ኩፍ ይላል። የእንጀራው ዓይን የሚመጣው ከዚያ ትንፋሽ ነው። ይህ የተነገራት ልጅ ሊጡ እምቢ ሲላት ተስፋ ከመቁረጥ ይልቅ የት ጋ እንደጎደለ ትፈልጋለች። ያልተነገራት ግን እጄ አይረባም ብላ ትተወዋለች።

አናቱ የተጠረገ ማንኪያ

ፋኒ ፋርመር በስሟ የምትታወቅበት ትልቁ ነገር ልክ ነው። በአሜሪካ እስከ ዛሬ የተስተካከለ ልክ እናት ትባላለች።

ገበያ ወርደን ጤፍ ወይም ምስር በጣሳ ስንገዛ የምንጨቃጨቅበትን ነገር አስታውሱ። ሻጯ ጣሳውን ትከምረዋለች ወይስ በእጇ ትጠርገዋለች? ጣሳው አንድ ነው፤ ክምሩና ጥርጉ ግን አንድ አይደለም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ማድ ቤትም እንዲሁ ነበር። መጽሐፉ አንድ ማንኪያ ሲል አንዷ ትከምራለች፣ ሌላዋ ትቀንሳለች። አንድ ሲኒ ሲል በየቤቱ ያለው ሲኒ የተለያየ ነው። ኬክ ደግሞ እንደ ወጥ አይደለም፤ ምድጃ ከገባ በኋላ ቀምሶ ማስተካከል የለም።

የፋኒ ትምህርት ቀላል ነበር። ልኩ የታወቀ፣ ግማሹና ሩቡ በመሥመር የተለየ መስፈሪያ ኩባያ ተጠቀሙ። ዱቄት ከመሰፈሩ በፊት ይነፋ፤ ተጠቅጥቆ የቆየ ዱቄት ከተነፋው ይበዛልና። ወደ ኩባያው በማንኪያ እየጨመራችሁ ሙሉት፤ ኩባያውን አትነቅንቁት። ከዚያ በቢላ ጀርባ አናቱን ጥረጉት። ቅቤ ከሆነ ግን ክፍተት እንዳይኖር ጠቅጥቃችሁ ሙሉት፣ እሱንም ጥረጉት። ግማሽ ማንኪያ ሲያስፈልግ የተጠረገውን ማንኪያ በቁመቱ በቢላ ለሁለት ክፈሉት። ሦስት የሻይ ማንኪያ አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ 16 የሾርባ ማንኪያ ደግሞ አንድ ኩባያ ነው።

ይህን ሁሉ ከባዶ የፈጠረችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ከእሷ በፊት ትምህርት ቤቱን የመሩት ወይዘሮ ሜሪ ሊንከን በ1880ዎቹ ባሳተሙት መጽሐፍ በልክ ስለመሥራት አስተምረው ነበር። ፋኒ የቀደሙትን ሴቶች ሥራ ተቀብላ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። አንድም ምግብ ያለ ልክ አይጻፍ አለች፤ ልኩም በሁሉም ቤት አንድ ይሁን አለች።

ልክ ከፍቅር ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ቀዝቃዛ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ልክ ለጀማሪ የሚደረግ ርኅራኄ ነው እላለሁ። ቁንጥር፣ እፍኝ፣ በዓይንሽ እያየሽ የሚሉት ቃላት ለሚያውቅ ብቻ የተነገሩ ናቸው። አንድ የተጠረገ ማንኪያ ግን ለማታውቀውም፣ እናቷ በልጅነቷ ለሞተችባትም፣ ከአገሯ ርቃ ብቻዋን ለምታበስለውም እኩል ይናገራል። መጀመሪያ የሠራችው ምግብ የተሳካላት ሴት ሁለተኛውን ትሠራለች። ሁለተኛው ከተሳካ ሦስተኛውን ከራሷ ትጨምርበታለች። ፍቅሩም በዚያ መካከል ሳይታወቅ ይገባል። እጅ የለመደውን ልብ ይወዳል የምለው ለዚህ ነው።

በራሷ ገንዘብ የታተመ መጽሐፍ

በ1896 ማለት እኛ አድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ ፋኒ የትምህርት ቤቱን ስም የያዘ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አወጣች። በውስጡ 1,800 ያህል የምግብ ዓይነቶች ነበሩ። የሚጀምረው ግን በምግብ አሠራር አልነበረም። ምግብ ምን እንደሆነ፣ ሰውነት ምን እንደሚፈልግ፣ እሳት እንዴት እንደሚያያዝ፣ እንዴት እንደሚሰፈር በማስረዳት ይጀምራል። አንባቢዋን እንደ ተማሪ አክብሮ የሚያናግር መጽሐፍ ነበር።

አሳታሚው ሊትል ብራውን የተባለው የቦስተን ድርጅት ነበር። ድርጅቱ መጽሐፉ ይሸጣል ብሎ አላመነም። ሌላ የምግብ መጽሐፍ ለማን ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበረው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 3,000 ቅጂዎች ወጪ በደራሲዋ እንዲሸፈን አደረገ።

በቁጠባ ማኅበር ያላችሁ እህቶች ይህን ውሳኔ በደንብ ትመዝኑታላችሁ። ባል የሌላት፣ እግሯ የሚያነክስ፣ በደመወዝ የምትኖር የ39 ዓመት ሴት ያላትን ገንዘብ በወረቀት ላይ ታፈሳለች። ባይሸጥ 3,000 መጽሐፍ ጓዳዋ ተከምሮ ይቀራል። ሆኖም ወጪው የእሷ ስለሆነ የመጽሐፉም መብት በእጇ ቀረ።

መጽሐፉ ተሸጠ። በተደጋጋሚ ታተመ፤ እሷም እያረመችና እየጨመረች አሻሻለችው። በየጊዜው እየታደሰ በቀጠለባቸው ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቅጂዎች ተሽጠዋል። የመጀመሪያው ስሙ ቀርቶ በራሷ ስም እስከ መጠራት ደረሰ። ኪሳራ ይመጣል ተብሎ ወጪው የተጫነባት ሴት ትርፉን ሰበሰበች።

ለታመመ ሰው የሚቀርብ ሰሐን

በ1902 ፋኒ የነበረችበትን ትምህርት ቤት ለቅቃ የራሷን ከፈተች። ስሙንም በራሷ ስም ሰየመችው። የቀድሞው በይበልጥ የምግብ ዝግጅት አስተማሪዎችን ያሠለጥን ነበር። የእሷ ግን ለቤት እመቤቶችና ለነርሶች የተዘጋጀ ነበር። በአዳራሹ ፊት ለፊት ቆማ ስትናገርና ረዳቶቿ ሲያበስሉ ለማየት ብዙ ሴቶች ይሰበሰቡ ነበር። የከተማው ጋዜጦችም ትምህርቷን ይዘግቡ ነበር።

ምግብ ቤት ገብታ ከምን እንደተሠራ ያላወቀችው ማጣፈጫ ቢገጥማት፣ በስም ካርዷ ላይ ጠብ አድርጋ ወደ ቤት ወስዳ ትመረምረው ነበር ተብሎም ይነገርላታል። እዚህ ላይ የማብሰል ፍቅሯ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ሥራ ከመሆን አልፎ ከቤት ወጥታም የማይለቃት የማወቅ ጉጉት ሆኗል።

ከሥራዎቿ ሁሉ ትልቁ ብላ የምታስበው ግን ያን ዝነኛ መጽሐፍ አልነበረም። በ1904 ያወጣችው ለበሽተኞችና በማገገም ላይ ላሉ ሰዎች የሚሆን የምግብ መጽሐፍ ነበር። ዓመታት ሙሉ አልጋ ላይ ተኝታ ሰሐን ሲመጣላት የኖረች ሴት፣ ሰሐኑ ከምን ተሠርቶ እንዴት መምጣት እንዳለበት ጻፈች።

ያስታመመ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በሽተኛ ምግብ የሚጠላው በምላሱ ብቻ አይደለም። ገና ሲያየው ሊጠላው ይችላል። ፋኒ ይህን ስለምታውቅ ስለ ምግቡ ይዘት ብቻ ሳይሆን ስለ አቀራረቡም አስተማረች። መጠኑ ትንሽ ይሁን፤ የተከመረ ሰሐን በሽተኛን ያስፈራዋል። ትኩሱ በትኩሱ፣ ቀዝቃዛው በቀዝቃዛው ይምጣ። ማቅረቢያው ንጹሕና ለዓይን የሚማርክ ይሁን። በዚያው መጽሐፍ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ እንዲሁም ስለ ስኳር በሽታ ምግብ ጽፋለች። የኢንሱሊን መድኃኒት የተገኘው ከዚያ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ በመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ ለስኳር ሕመምተኛ የነበረው ዋናው ሕክምና ምግቡን ማስተካከል ነበር። የሚያበስልለት ሰው ዕውቀት ዕድሜው ላይ ይወስን ነበር ማለት ይቻላል።

ነርሶችን አሠለጠነች፤ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትም ስለ በሽተኞች አመጋገብ ንግግር አደረገች። ኮሌጅ የመግባት ተስፋዋ የተቋረጠባት ልጅ ለወደፊት ሐኪሞች ለማስተማር በዚያ ታላቅ ትምህርት ቤት ቆመች። ያስገባት በር ከእናቷ ማድ ቤት የጀመረው ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር ላይ

ለአሥር ዓመት ያህል ከእህቷ ከኮራ ጋር ሆና በአንድ ታዋቂ የሴቶች መጽሔት ላይ የምግብ ዓምድ ታዘጋጅ ነበር። ሌሎች መጽሐፎችም ጻፈች። የመጨረሻ መጽሐፏ በ1912 ወጣ።

በእነዚያ ዓመታት ሰውነቷ እንደገና ከዳት። እንደገና ስትሮክ መታት፤ እግሯም ፈጽሞ እምቢ አለ። በሕይወቷ የመጨረሻ ሰባት ዓመታት ያህል በተሽከርካሪ ወንበር ኖረች። ማስተማሯን ግን አልተወችም። ወንበሯን አስገፍታ አዳራሽ ትገባና ተቀምጣ ታስተምር ነበር። የመጨረሻ ትምህርቷን የሰጠችው ከመሞቷ አሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። በጃንዋሪ 1915 በ57 ዓመቷ አረፈች። ትምህርት ቤቷ ከእሷ በኋላ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቀጠለ፤ መጽሐፏንም ቤተሰቧ ተረክቦ እያደሰ አቆየው።

ለእኛ የሚሆነው

የፋኒን ታሪክ ሴት ልጅ ቦታዋ ማድ ቤት ነው ለማለት የሚጠቅስ ሰው ካለ ታሪኩን ገልብጦ አንብቦታል። ፋኒ ማድ ቤት ውስጥ በግድ ብትቀር ኖሮ ስሟን ማንም አያውቀውም ነበር። ማብሰልን እንድትወድ ያደረጓት ነገሮች ሌሎች ናቸው። የምትሠራውን የሚጠብቅ ሰው አገኘች፤ ለምን ብላ ጠይቃ መልስ አገኘች፤ ሥራዋ በገንዘብና በክብር ተቆጠረላት። ከእነዚህ አንዱ የሌለበት ማድ ቤት ለሴት ልጅ ጭስ ብቻ ነው። እነዚህ ካሉ ደግሞ ወንድ ልጃችንም ቢሆን ማብሰልን ይወዳል።

አባቶቻችን ሙያ በልብ ነው ይላሉ። የሚያውቅ ሰው አያወራም ለማለት ነው፤ ጥሩ ምክር ነው። ነገር ግን በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በየቤታችን የዶሮ ወጥ ቅመሟን፣ የጠላ ጥንስሷን፣ የበርበሬ አደላለዟን ለማንም ሳትነግር ያረፈች እናት ወይም አክስት አለች። ልጆቿ ያንን ጣዕም ሲፈልጉ ይኖራሉ እንጂ አያገኙትም።

ልክ ሁሉን ነገር እንደማይፈታ አውቃለሁ። የእንጀራ ሊጥ በብርድና በሙቀት ጠባዩ ይለያያል፤ ስንት ቀን እንደሚቦካ በአየሩ ይወሰናል። የምጣዱን ሙቀት የሚያውቀው እጅ ነው፤ የቁሌቱን መብሰል የሚለየው ዓይንና አፍንጫ ነው። ልኩ ጀማሪዋን እስከ ደጃፉ ያደርሳታል፤ ከደጃፉ ወዲያ ያለውን በመደጋገም ትማረዋለች። ደጃፉ ጋ ሳትደርስ ግን መደጋገም የለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አቀርባለሁ። በሚቀጥለው በዓል እናንተ ታላላቆቻችን ስታበስሉ አንዲት ወጣት አባል አጠገባችሁ ትቁም። በእጇ መስፈሪያ ኩባያ፣ የሻይ ማንኪያና ደብተር ትያዝ። እናንተ እንደ ልማዳችሁ በእፍኛችሁ ስትዘግኑ፣ ድስቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኩባያው ላይ አፍስሱትና እሷ ጠርጋ ትጻፈው። ሽንኩርቱ ስንት ራስ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ፣ ሳይነካ የተቁላላው ስንት ደቂቃ እንደሆነ ትመዝግብ። ለምን እንደዚያ እንደምታደርጉም ትጠይቃችሁ፤ ስትጠይቅ አትቆጧት። ስትሳሳትም እጇን አትስደቡት።

ደብተሩ ሲሞላ የማኅበራችን ንብረት ይሆናል። በምግብ ሥራ ለመተዳደር የምትነሣ አዲስ አባል ከዜሮ አትጀምርም። ደጋፊዎቻችንም የምትሰጡን ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ ስትጠይቁ፣ አንዱ ክፍል መስፈሪያ ኩባያና ሚዛን ለመግዛት፣ ሌላው ደብተሩን አሳትሞ ለአባላት ለማዳረስ ቢውል ምንኛ መልካም ነው። ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ፋኒም የጀመረችው በ3,000 ቅጂ ነው።